ሮዝ ማሊያ

ሰውየው የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። የእግር ኳስ ክለቡን እንዲመራ ሲሾም፣ «ስለ ኳስ የሚያውቀው ክብ መሆኗን ብቻ ነው» ተብሎ ተቀልዶበታል።

የክለቡ ልብስ አጣቢ ግን ሌላ ነገር ታውቅለታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ማጠቢያ ክፍሏ ገባና «እስቲ ላግዝሽ እትዬ፤ ደብዳቤ መፈረም ሰለቸኝ» አላት። እሷ ሳሙና ልታመጣ ዘወር ስትል ነጩን ማሊያ ከቀይ ካልሲ ጋር ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ቅያሪ አልነበረምና ቡድኑ ሮዝ ለብሶ ሜዳ ገባ፤ ተመልካቹም በሳቅ ፈነዳ። አሰልጣኙ «ይቺ ሴትዮ ዛሬውኑ ትባረር!» ሲል ሰውየው መልበሻ ክፍሉ መሃል ቆመ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ካባረርክ እኔን አባር።»

አሰልጣኙ ነገሩን ትቶ ወጣ፤ ሴትዮዋም ሥራዋ ላይ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየጨዋታው ዋዜማ ኮቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ ካልሲ እያጣመረ ይጠቀልላል። ማሽኑን ግን አይነካም።

«ይሄን አጠቀላለል ማን አስተማረዎት ጋሼ?» አለችው አንድ ቀን።

«እናቴ። እሷም የሰው ልብስ ነበር የምታጥበው። ባላጠፋችው አባረሯት።» ቀጣዩን ካልሲ አነሳ።

ዛሬ ሥልጣኑን ሊያስረክብ ነው። ልሰናበት ብሎ ሲመጣ እሷ ከመሳቢያዋ አንድ ሮዝ ማሊያ አወጣች።

«ሌላውን በበረኪና አነጣሁት። ይቺን ግን እንጀራዬ የዳነባት ናትና አስቀረኋት።»

ሸሚዙ ላይ ደርቦ ለበሳትና ኮቱን ቆለፈ።

«አይታይብኝም አይደል?»

«አንገትዎ ጋ ብቅ ብላለች፣ ጋሼ።»

«ትታይ!» አለና ወደ ርክክቡ ስብሰባ ሄደ።