በበሬ የሚገዛ ጉልበት

ለከላላ የተሸነፍነው በእኔ ምላስ ነው የሚሉ ዛሬም አሉ። ይበሉ። ቀኑ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ነው የምናገረው።

መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ የመጀመሪያው ጥምቀት እየተቃረበ ነበር። እኛ የመካነ ሰላም ዙሪያ ሰዎች በጥምቀት ማግስት ከጎረቤታችን ከከላላ ጎረምሶች ጋር ትግል መግጠም የቆየ ልማዳችን ነው። ረሃቡ ከገባበት ከክፉ ቀን ወዲህ ግን እነሱ ይጥሉናል፣ እኛ አፈር እናራግፋለን።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሰበሰበንና፣ "ከደሴ አንድ ታጋይ እናምጣ" አለ። "ጀርባው መሬት ነክቶ አያውቅም። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ከማኅበሩ በሬዎች አንዱን እንሸጣለን።"

ማኅበሩ ያለው ከባላባቱ የተወረሰ አንድ ጥማድ ብቻ ነው። በሬ ያለቀበት ቤት ሁሉ በተራ ያርስበታል። አንዱ ከተሸጠ የቀረው ብቻውን ምን ሊያርስ? ከጥምቀት በኋላ ለበልግ የሚደርሰው ተራ ደግሞ የእናቴ ነበር። አባቴ በክፉ ቀን እህል ፍለጋ ወደ ደሴ ወጥቶ እንደወጣ ቀርቷል። ያ በልግ ካመለጠን እኛም ለልመና መንገድ ልንወጣ ነው።

ሰዉ ግን አጨበጨበ። አልፈርድበትም። ከላላዎች "ጠኔ የጣላቸውን ማን ይታገላቸዋል" እያሉ ሲዘፍኑብን እኔንም ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን ቀና ብሎ ወደ ቤቱ መግባት ማን ይጠላል? ቢሆንስ፣ በሬ ተሽጦ?

ተነሣሁ። እናቴ ከኋላ ቀሚሴን ጎተተች፤ ሴት ልጅ በስብሰባ መሃል ስትቆም አይታ አታውቅም።

"ጋሼ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው" አልሁት ሊቀመንበሩን። "የራሳችን ልጅ ይግጠም።"

የራሳችን ልጅ ያልሁት የአጎቴን ልጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወድቅ የከረመውን። ሳቁብኝ። "ይሄን? ነፋስ የሚጥለውን?" አሉ። የአጎቴ ልጅ አንገቱን ደፋ። ያን ሳይ ብሽቅ አልሁ፤ እንግዲህ ዝም እንዳልል ያደረጉኝ ራሳቸው ናቸው።

በቅዳሜ ገበያ ታጋዩ ራሱ ሊዋዋል መጣ። ሸጋ ጎልማሳ ነው፣ ትከሻው በር ያህላል። ሰዉ እየዞረ ክንዱን ይነካል። በሬውም ለሽያጭ ተነድቶ ወጥቶ ቆሟል። በእኛ አገር የጣለ ሰው ሳይፎክር ከሜዳ አይወጣም፤ የአባቱንና የአገሩን ስም ጠርቶ ነው የሚወጣ። ይሄን ማንም አላሰበውም። እኔም ሰውየውን እስካየው ድረስ አላሰብሁትም።

"ወንድሜ፣" አልሁት በሰዉ ፊት፣ "የከላላን ሰው ስትጥል የማንን አገር ጠርተህ ትፎክራለህ?"

ገርሞት አየኝ። "የአባቴን ነዋ። ያላደግሁበትን አገር ጠርቼማ አልፎክርም።"

ሊቀመንበሩ ቶሎ ብሎ፣ "ለአንድ ቀን የእኛን ብትጠራልንስ?" አለው።

"የምትገዙት ጉልበቴን ነው፤ አባቴን አልሸጥም" አለ ሰውየው በእርጋታ። ወደድሁት፣ እውነቴን ነው።

"እንግዲህ በሬያችን ተሽጦ የሚፎከረው ለደሴ ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ ወዲያ ሰዉን ማን ይመልሰው? የሰው ወርቅ አያደምቅም እያለ በሬውን ወደመጣበት ነዳው። ታጋዩም ሳቅ ብሎ፣ "አብሽሩ፣ በጤና ያገናኘን" ብሎን መንገዱን ቀጠለ።

በትግሉ ቀን የአጎቴ ልጅ ገጠመ። ወደቀ። ተነሥቶ እንደገና ልግጠም አለ፤ ደግሞም ወደቀ። ከላላዎች ፎከሩ፣ ዘፈኑብን፣ የልባቸውን አደረሱ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ደስ አለሽ?" አለኝ።

"በሬው የት አለ?" አልሁት።

በሳምንቱ ጥማዱ በእናቴ ማሳ ላይ ዋለ። እርፉን የጨበጠው ያው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ትከሻው አብጦ፣ በአንድ እጁ። ዝናቡም አላሳፈረንም። ገብሱ እሸት ሲሆን እናቴ ጠብሳ በሰፌድ አቀረበችው። በክፉ ቀን ጊዜ ቁራሽ በተገኘ ቁጥር፣ "እኔ በልቻለሁ፣ አንቺ ብዪ" ትለኝ ነበር። ውሸቷን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን እንዲያ አላለችም። ከእኔ ቀድማ ዘገነችና በላች።