ቀረጥ ፈርተን ያስረጀነው ካሜራ

ዛሬ ከሥራ መልስ፣ አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ለመስፍን በፎን ካርድ ኮል አደረግኩ። «ጋሼ፣ ካሜራው ደርሶኛል። የዚህ ወር ጤፍ ግን አልተገዛም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስፍን አስተማሪ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳው ስለሚወድ ብቻ ነው። ሶ፣ አዲስ ካሜራ ገዛሁለት።

አዲስ ዕቃ ቀረጡ ከባድ እንደሆነ እዚህ ውጭ አገር፣ ሜስኪት ከተማ ያለ ሀበሻ ሁሉ ያውቃል። መፍትሔውንም ያውቃል፦ ዕቃውን ማስረጀት። ለእናቴ የላክነውን አዲስ ጫማ እንኳ ባለቤቴ መጀመሪያ ተጫምታው ግሮሰሪ አስቤዛ ልትገዛ ሄዳበታለች።

ካሜራውንም እሷው በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠርዝ ጠርዙን ፈገፈገችው። ማንገቻውን ሻይ ውስጥ ነከረችው። እውነት ለመናገር፣ እኔ ራሴ አዲስ መሆኑን ረሳሁት።

ከዚያ የቸርቻችን እትዬ አልማዝ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ወደ አገር ቤት በረሩ።

ቦሌ ሲደርሱ ፈታሹ ካሜራውን አገላብጦ አየና፣ «እማማ፣ ይሄማ ስንት ሠርግ ያነሳ ካሜራ ነው! የፎቶ ቤት ዕቃ ስለሆነ የንግድ ቀረጥ ይከፈልበታል» አላቸው።

መስፍን ለቤት አስቤዛ ከላክሁለት ብር ላይ ከፍሎ አወጣው።

ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። የምትናደድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን፣ «ማለቴ... ስንት ሠርግ ያነሳ ነው አለ?» ብላ ፈገግ አለች።

ለጤፉ ነገ እልካለሁ። እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ ቀረጥ ሽሽት በገዛ እጃችሁ ያበላሻችሁት ደህና ዕቃ የቱ ነው?