ትንሿ ኮምፒዩተሬና የሐምቡርግ ኑሮዬ

ከአገሬ ያስወጣችኝ አንዲት ፊደል ናት። በደብረ ብርሃን የአንድ ቀበሌ ታይፒስት ነበርኩ። ለሰልፍ የሚነበብ ንግግር ስመታ ያረጀው የጽሕፈት መኪና «ጓድ» የሚለውን «ጉድ» አድርጎ አወጣው። ሊቀመንበራችንም ወረቀቱን ተቀብሎ አደባባይ ላይ፣ «ጉድ ዋና ጸሐፊ፣ እንኳን ደህና መጡ!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እኔ የአንኮበርን መንገድ ጀምሬ ነበር።

አመሻሽ ላይ ደረስኩ። ቄሱ አባቴ ደጃፍ ላይ መስቀል አሳለሙኝና አብሮ አደጋቸው ለነበሩት ለአልዩ አምባው ነጋዴ ለሐጂ ይመር አስረከቡኝ።

«ቢስሚላህ ብለህ ውረድ፤ የቄስ ልጅ ነኝ ካልክ በልብህ የራስህን በል» አሉኝ ሐጂ።

በአፋር በረሃ አልፌ ጅቡቲ፣ ከዚያም በስደተኞች ረጂዎች በኩል ሐምቡርግ ገባሁ። ወገኖቼ፣ የዚህ አገር ዳቦ ጥቁርና ጎምዛዛ ነው፤ እንጀራ ልሁን ብሎ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። ሰላምታውም «ሃሎ» ብቻ ነው፤ እናትህ ደህና ናት ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ የሚል የለም።

እዚያ ዲተር የሚባል ጎረቤት አገኘሁ። እሱና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በነጻ ይቀባበላሉ፤ የውስጥ አሠራሩ አይደበቅም፣ የፈለገ ያሻሽለዋል። እኔም የጽሕፈት ፕሮግራም ወስጄ አማርኛ እንዲጽፍ ልሞክር ተነሳሁ። ስደተኛ ወገኖቼ የጥገኝነት ማመልከቻቸውን በገዛ ቋንቋቸው አጽፈው ለአስተርጓሚ ቢሰጡ ብዬ ነው፤ በቃል የተናገሩት መንገድ ላይ እየተጣመመ ስንቱ ወደ አገሩ ተመለሰ! ግን ፕሮግራሙ የተሠራው ለትልቅ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው። እኔ ያለኝ ዲተር የሰጠኝ፣ በብብት የምትያዝ ትንሽ አሮጌ ኮምፒዩተር ናት። ስከፍተው የትእዛዞቹ ዝርዝር፣ ሜኑው፣ ስክሪኗን ሞልቶ ለጽሑፉ አንድ መስመር አልተረፈም፤ ሚዜው ሁሉ ገብቶ ሙሽራው ደጅ የቀረበት ሰርግ ሆነ።

ሜኑውን መቁረጥ ጀመርኩ። አንዱን ስቆርጥ ሌላው ይበላሻል። አንድ ቀን አከራዬ ወይዘሮ ክሩገር በሩን ደበደቡት።

«ድምፁን ቀንስ!»

«ኮምፒዩተሯ ድምፅ የላትም።»

«ታዲያ የሚጮኸው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እየለመንኳት ነው።»

ከወራት ትግል በኋላ «ሰላም» የሚለው ቃል ስክሪኗ ላይ ወጣ። ዲተርን አቅፌ ሳምኩት፤ ጀርመን መሆኑን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው።

የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ወደ ስደተኞች ቢሮ ስሄድ ትንሿን ኮምፒዩተር ይዤ ገባሁና ከፍቼ ሹሙ ፊት አስቀመጥኳት።

«ሙያ?» አለ ሹሙ።

«የአማርኛ ታይፒስት።»

«እዚህ አይፈለግም። ይህን ፕሮግራም ከየት አመጣኸው?»

«በነጻ ሰጡኝ።»

«ጀርመን አገር በነጻ የሚሰጥ ነገር የለም» አለና ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

ኋላዬ ወረፋ የያዘች አንዲት የመንዝ ሴት እኔን እየጠቆመች ማመልከቻዋን ዘረጋች፤ እኔ በትንሿ ኮምፒዩተር የጻፍኩላት፣ አስተርጓሚው ከጎኑ ጀርመንኛውን ያሰፈረበት። ሹሙ አንብቦ ቀና አለ። «ሌላ ጊዜ የሚመጡት ሁሉ ታሪካቸው አይገባኝም ነበር፤ ይህ ገባኝ» አለና ፈቃዴን ለአንድ ዓመት አደሰው። ከአንድ ዓመት በኋላስ? እግዜር ያውቃል።

በሳምንቱ ደውዬ አባቴንና እናቴን ደብረ ብርሃን ቴሌ አስጠራኋቸው።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉ አባቴ።

«አባባ፣ የትልቁን ኮምፒዩተር ፕሮግራም በትንሿ ማሠራት ነው።»

«ደሞዙስ?»

«በነጻ ነው።»

«ልጄ፣ በነጻ ለመሥራትማ እዚህስ ዘመቻ አልነበረም?»

እናቴ ስልኩን ነጠቀቻቸው። «ይበርዳል?»

«ከጣርማ በር ይብሳል።»

«ታዲያ ምን ፍለጋ ሄድክ?»

ይኼን ጊዜ የስልክ ሠራተኛዋ፣ «እማማ፣ ሰዓትዎ አልቋል» ስትል ሰማሁ።

«ቆዪ የኔ ልጅ፣ ይህን ላሰማው፣ በረዶ እየጣለ ነው» አለቻት እናቴ፤ ስልኩን ወደ መስኮቱ ዘረጋችው መሰለኝ። የደብረ ብርሃን በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አባቴ ከሩቅ፣ «ሰማህ?» ሲሉ፣ እኔም እዚህ ሐምቡርግ ስልክ ቤት ቆሜ፣ «ሰማሁ፣ ሰማሁ» ስል መስመሩ ተቋረጠ።