ጠዳ ያስቀመጥኋት ሳጥን

ማራኪ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል የራሴ የኢሜይል ሰርቨር፣ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር፣ አለኝ። ደብዳቤዬን ሰው ቤት ማሳደር አልወድም፤ ተጠራጣሪ ነኝ። ችግሩ መብራት ሲጠፋ የሚላክልኝ ሁሉ ተቀባይ ያጣል። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብላ ባለችው ጠዳ፣ የእናቴ ዘመድ አያ ታከለ ቤት፣ ተጠባባቂ ሰርቨር የሆነች ትንሽ ሳጥን አስቀመጥሁ።

«አያ፣ የእኔ ሲጠፋ ይቺ ትቀበልልኛለች። አረንጓዴው ሲበራ ደብዳቤ እየገባ ነው፤ ቢጫው ሲበራ እየወጣ ነው። አደራዎን!»

«ሸጋ፤ እጠብቅልሃለሁ» አሉ።

ባለፈው ሳምንት የሥራ ፈተና ውጤት ስጠብቅ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ሳጥኗ ያጠራቀመችውን ወደ እኔ መላክ ጀመረች፤ ወዲያው ተቋረጠች። ቆይታ ተገናኘች፤ መላክ ስትጀምር አሁንም ተቋረጠች። አንዴ ቢሆን ኔትወርክ ነው እላለሁ፤ ሦስቴ ግን? የአያ ታከለ ልጅ ያንኑ ፈተና መፈተኑ ትዝ አለኝ። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ፤ ውጤቴን ሊያስቀሩብኝ ነው ብዬ ሚኒባስ ያዝሁ።

ሳልነግራቸው ዘው ብዬ ስገባ አያ ታከለ ሳጥኗ ፊት ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የኔትወርኩን ገመድ ነቅለው በእጃቸው ጠቅልለውታል።

«ምነው አያ? ለምን ነቀሉት?» አልሁ።

አያ ታከለ ሳጥኗን በጎን እያዩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እንኳን መጣህ ልጄ። ይቺ ነገር ሌባ ናት። አንተ ሳትመጣ ቢጫውን እያበራች ደብዳቤህን ልታወጣ ስትል ሦስቴ ያዝኋት!»