ኦቲሊያ ያላስተማረችው ዓረፍተ ነገር

ኦቲሊያ ኢሽኮት በኬትሳልቴናንጎ ከተማ ለአሜሪካውያን ስፓኒሽ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቻችን የሚያድሩት በሰው ቤት ስለሆነ፣ ገና ስማቸውን በቅጡ መናገር ሳይችሉ «ዛሬ ሌላ ቦታ ነው የማድረው» የሚለውን ታስጠናቸው ነበር። እዚህ ከተማ ተማሪ ያሳደረች ሴት የመጨረሻው ሰው ሳይገባ በሯን አትቀረቅርም፤ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ዘንድሮ ዳይሬክተራችን ዶን አኒባል አዲስ መጽሐፍ አመጣ። በዚያ መጽሐፍ ማደር ማለት ሆቴል ነው፤ ክፍል አለ ወይ፣ ስንት ሌሊት፣ ቁርስን ይጨምራል ወይ።

«ከገጹ ዝንፍ እንዳይሉ» አላት።

ኦቲሊያ ጥርሷን ነክሳ ታዘዘች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዶኛ ቺላ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ትምህርት ቤቱ ደረሰች። ቤቷ የሚያድረው የኦቲሊያ ተማሪ ትራቪስ ሌሊቱን አልተመለሰም። ሆስፒታል ሄዳለች፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳለች፤ ሬሳ ክፍልም ጠይቃለች። ይህን እየነገረችን ሳለ ትራቪስ ፀሐይ ያቀላውን አፍንጫውን እያከከ ገባ። ከከተማ ውጭ ካለው ሐይቅ በአውቶቡስ መመለሱ ነበር።

«ሆቴል ያዝኩ። አንድ ሌሊት፣ ከነቁርሱ» አለ፣ በጠራ ስፓኒሽ።

«ጎበዝ! ቁርሱ ተስማማህ?» የኦቲሊያ ድምፅ ግቢውን ሞላው። «እሷ በሬሳ መካከል ስትፈልግህ አንተ እንቁላልህን ትበላለህ! ለምን አልነገርካትም?»

«እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር።»

ዶን አኒባል ከቢሮው ወጣ።

«ደንበኛ ላይ ይጮኻል? አሁኑኑ ይቅርታ ይጠይቁት፤ አለዚያ ጠረጴዛዎን ለሌላ እሰጣለሁ።»

«ይቅርታማ እጠይቃለሁ» አለች። ልጁን አልፋ ዶኛ ቺላ ፊት ቆመች። «ይቅር በይኝ፣ ቺላ። ማስተማር እንዳለብኝ እያወቅኩ፣ እንዳልባረር ፈርቼ ነው የተውኩት።»

«እሱን ነው ያልኩዎት!» አለ ዶን አኒባል።

«ሰምቻለሁ። እርስዎም ተራዎን ይያዙ፤ ሴትየዋ እዚሁ ናት።»

ዶን አኒባል ፊቱ ደም መሰለ፤ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ኦቲሊያ ቦርሳዋን አንስታ ቺላን ደግፋ ወጣች። ትራቪስ ተከተላቸው።

«ዶኛ ቺላ፣ እኔ...»

«ሻንጣህን ደጃፍ ላይ ታገኘዋለህ» አለችው ቺላ፣ ሳትዞር።

በማግስቱ በኦቲሊያ ጠረጴዛ ሌላ መምህርት ተቀመጠች። ዶን አኒባል በር ላይ ቆሞ ያየን ነበር። እኔም መጽሐፉን ገለጥኩና ከተማሪዬ ጋር የሆቴል ክፍል ስንት እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ። እስካሁን በራሴ እናደዳለሁ።