በሃምሳው የተጾመ ረቡዕ

ከቢቸና ልወጣ ያደርኩ ለት ውሃ የሚባል አልቀመስኩም። አውቶቡስ ውስጥ ሽንቴ ቢያመልጠኝስ? እማዬ ግን በሃይላንድ ጠበል ሞልታ፣ «ጠጪው፣ የደነዘዘ እግርሽን ይፈታልሻል» አለችኝ። ቦሌ ስደርስ ፈታሹ «ወይ ጠጪው ወይ ድፊው» አይለኝም? ጠበል ይደፋል እንዴ! ጨለጥኩት። አውሮፕላኑ ውስጥ የሆንኩትን እኔና ወንበሩ እናውቃለን።

ባለቤቴ ጌትነት የሞጣ ልጅ ነው፤ በድቁና ያደገ፣ አሁን ስዊድን፣ ጎተንበርግ አውቶቡስ ይነዳል። እኔንም ያስመጣኝ እሱ ነው። እዚህ ሐኪሞቹ «መልቲፕል ስክለሮሲስ» አሉኝ፤ ሰውነት የገዛ ነርቩን የሚያጠቃበት በሽታ። የእግሬን መደንዘዝና ድካሙን ለጌትነት ነገርኩት። ከወገቤ በታች ያለውን ግን በምን አፌ? አልጋ ላይ ሲቀርበኝ ስሜት የሚባል የለኝም፤ ሽንቴም ያመልጠኛል ብዬ እሳቀቃለሁ። እናም መጾም ጀመርኩ። ጽጌን ጾምኩ፣ ነቢያትን ጾምኩ፣ ሁዳዴን ጾምኩ። ዲያቆን የነበረ ሰው ምን ይበል? በጾም ባልና ሚስት አይነካኩም፤ ፊቱን አዙሮ ይተኛል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ረቡዕ እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ «ዛሬ እኮ ጾም ነው» አልኩት።

ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ ይጾማል? ማን አስተማረሽ?» ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «ከጠላሽኝ ንገሪኝ፣ ልወቀው» አለኝ።

ያኔ እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

በሳምንቱ ጡንቻ የምታለማምድ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ አብረን ሄድን። አስተርጓሚዋ በስልክ ናት፤ ቶልክ ይሏታል። በድምጿ ትልቅ ሴት ትመስላለች።

«እኅቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እሷ ናት የጠየቀችሽ፤ ከባልሽ ጋር ስትገናኙ ደስታው አለሽ ወይ?»

«የለኝም በያት።»

«እኔን!» አለች አስተርጓሚዋ፣ ከዚያ በስዊድንኛ ቀጠለች። ጌትነት ጣሪያውን ያያል።

ፊዚዮቴራፒስቷ መልመጃ አስተማረችኝ፦ ሽንት እንደሚይዝ ሰው የታችኛውን ጡንቻ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ ለሙሉ መልቀቅ፤ ትንፋሽ ሳያፍኑ፣ ሆድ ሳያጠብቁ። በሽታውን አያድነውም አለች፤ ሽንት ለመያዝ ያግዛል፣ ስሜቱም ሊሻል ይችላል። አሁን አውቶቡስ ተራ ቆሜ ስጠብቅ እንኳ እሠራዋለሁ፤ ማን ያውቅብኛል? ሽንቴን ከሞላ ጎደል እይዛለሁ። ስሜቱ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል።

ባለፈው እሑድ የጌትነት እናት ከሞጣ ደወለች። ድምጿ እኔ ያለሁበት ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።

«ልጄ፣ በሽተኛ ታቅፈህ እስከ መቼ? ወደ እናቷ ብትልካትስ?»

«እማ፣ ሚስቴን እወዳታለሁ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳትይኝ» አላት።

ቢቸና፣ እማዬ ጉያ ገብቼ ማልቀስ አማረኝ። ያን ማታ ግን ቀድሜ የቀረብኩት እኔ ነኝ።