የጋሽ ይማም እግርና የበጉ አንጎል

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን ላሳክም ደሴ ሄጄ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። የወረፋውን ርዝመት ምን ልበላችሁ፣ ጫፉ ኮምቦልቻ ሳይደርስ አይቀርም። ዝም ብዬ መቀመጥ ስለማልችል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአንጎል ሥዕል እመረምር ነበር። ሰፈር ሰፈሩ በቀለም ተለይቷል፤ የሰው አለ፣ የጦጣ አለ፣ የድመት አለ። ወለሉ ላይ ደግሞ ቢጫ ፕላስተር በየእርምጃው አግድም ተለጥፏል። አንድ ሽማግሌ እያንዳንዱን መስመር እንደ ጅረት እየተሻገሩ መጡ። መስመሩ ከሐኪሙ በር ፊት አለቀ። እሳቸውም እዚያው ቀጥ አሉ።

«ይግቡ እንጂ አባባ» ትላለች ነርሷ ከውስጥ።

«እሺ ልጄ» ይላሉ። እግራቸው ግን በሚስማር እንደተመታ ነው።

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «በሽማግሌ ትስቃለህ?» አለች። በእሳቸው አልነበረም የሳቅሁት። ያንን «እሺ» እና ያንን የማይነሳ እግር ከመካነ ሰላም፣ ከጋሽ ይማም ደጃፍ አውቀዋለሁ።

ያ መስከረም ረሃቡ ገና ከትከሻችን ያልወረደበት፣ አብዮቱ ደግሞ አንደኛ ዓመቱን የሚደፍንበት ነበር። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ያለውን የመካነ ሰላም ጭቃ የማያውቅ ሰው ካለ እነሆ ልንገረው፦ እዚያ ጭቃ ውስጥ የገባ የጭነት መኪና በዓመቱ ከገብሱ ጋር ነበር የሚበቅለው። እኔ የወጣቶች ማኅበር ከበሮ መቺ ነበርኩ። ከበሮውን ስደልቅ ደጎሎ ገበያ የሚሄዱ አህዮች በእኔ ምት ይረግጡ ነበር። አምባ መቅደላም የገደል ማሚቶ ይመልስልኝ ነበር ብዬ ብምል የሚያስተባብለኝ የለም፤ ሰሚው ሁሉ ደንቁሮ ነበራ!

ጋሽ ይማም የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ፣ በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። በደህናው ዘመን እግራቸው የታወቀ ነው። ጠዋት ተነስተው ወረኢሉ ሲገቡ ጥላቸው ማታ ላይ ነበር የሚደርሰው ይባላል፤ ባዩ እኔ ነኝ። በረሃቡ ዓመት፣ ከቆላ የወጣው ሰው መንገዱን ሲሞላው፣ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ በርሜል ጥደው የገብስ ንፍሮ ያድሉ ነበር። ጢስ ጢስ የሚለው የዚያ ንፍሮ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ድምፅ አያሰማም ነበር። በብዙ ነገር ቀልጃለሁ፤ በዚያ ዝምታ መቀለድ ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

አብዮቱ ሲመጣ ሁለተኛ ቤታቸው «ትርፍ» ተብሎ ተወረሰ። «ኸይር ነው» ብለው አለፉት። እግራቸው መጎተት የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ስለሚቀመጡ ግን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

የአብዮቱ በዓል ዋዜማ የቀበሌው ጥበቃ ሙሄ፣ ከቁመቱ የሚረዝም አሮጌ ጠመንጃ አንግቶ፣ ደጃፋቸው መጣ።

«ጋሽ ይማም፣ ሊቀመንበሩ ይፈልጉዎታል። ይነሱ።»

«እሺ» ብለው ተነሱ። የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ።

«ይሂዱ እንጂ!»

«እሺ አልኩህ እኮ ልጄ።»

«እና?»

«መሄዴ ነው።»

አንዲት ጣት አልነቃነቁም። ሙሄ ያላገጡበት መሰለው። ሄዶም «ቤቱ ስለተወረሰ አኩርፎ አልንቀሳቀስም አለ» ብሎ ተናገረ።

በማግስቱ ሰልፉ ወጣ። ከፊት እኔ ነኝ፣ ከኋላዬ መፈክሩ፣ ከመፈክሩ ኋላ ከተማው። በጋሽ ይማም ደጃፍ ሳልፍ ደፉ ላይ ቆመው አየኋቸው። ከበሮዬ ዱም ዱም ሲል የቀኝ እግራቸው ተነሳ። ከዚያ የግራው። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ እንደ ክቡር ዘበኛ እየረገጡ ሰልፉ ውስጥ ገቡ! ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም በኩራት ከበሮውን አናቱን አናቱን አልኩት። ሜዳው ላይ ስንደርስ ለንግግሩ ምቴን አቆምኩ፤ ጋሽ ይማምም ቆሙ። ንግግሩ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ግን ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ብቻቸውን ተተክለው ቀሩ።

«ትናንት ሽባ፣ ዛሬ ወታደር፣ አሁን ደግሞ ሐውልት!» አለ ሊቀመንበሩ። «በአብዮቱ ነው የምትቀልደው አንተ?»

«ወላሂ አልቀለድኩም» አሉ። ጥበቃዎቹ እንደ ጆንያ አንጠልጥለው ወሰዷቸው። ወሬው ወዲያው ደረሰ፦ በነጋታው ወደ ደሴ ይላካሉ። በዚያ ሰሞን ወደ ደሴ የተላከ ሰው ስንቁ ብቻ ሲመለስ አይተናል። አገር ያጨበጨበለት ከበሮዬ ጎረቤቴን ይዞብኝ ሊሄድ ነው።

እየሮጥኩ ሄጄ ለሰናይት ነገርኳት። ሰናይት ከአዲስ አበባ የመጣች ዘማች ተማሪ ናት፤ ሕክምና ጀምራ ነው የዘመተችው። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ስትናደድ የምታንሾካሹክ ልጅ። ሁላችንም በፍቅሯ ስለተያዝን በከተማዋ ያልታመመ ጎረምሳ አልነበረም። እኔ ብቻዬን አራት ዓይነት የሆድ ቁርጠት ነበረብኝ። እሷ ግን የእኔን ልብ ትታ የጋሽ ይማምን እግር ጠየቀችኝ።

«ከበሮውን ስታቆም ወዲያው ቆሙ?»

«ወዲያው።»

«ደረጃ ሲወጡ አይተሃል?»

አሰብኩ። ሱቃቸው ጀርባ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ እሱን እንደ ፍየል ነው የሚወጡት። ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ። «የበግ ጭንቅላት አምጣልኝ» አለች።

እናቴ የበዓሉን በግ ጭንቅላት ለሾርባ አስቀምጣው ነበር። «ለጋሽ ይማም ነው» ስላት በዓይኗ ሾርባውን ተሰናብታ ሰጠችኝ። የዚያን በርሜል ንፍሮ እሷም አልረሳችውም።

ያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ የቀበሌው አዳራሽ ጉዳያቸውን ሊሰማ በመጣው ነዋሪ ጢም ብሏል። ጋሽ ይማም ከመድረኩ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ያን ዓመት እንቁጣጣሽ ረመዳን ውስጥ ነበር የገባው፤ ጾመኛ ናቸው፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ሰናይት በመጥረቢያ ያስፈለጥኩትን ጭንቅላት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የበግ አንጎል ነው» አለች።

«እሱማ ይታየናል» አለ ሊቀመንበሩ። «ምስክር ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በእንጨት እየጠቆመች ቀጠለች። «እግር ራሱ አይሄድም። ጡንቻውን የሚያዝ ሰፈር አንጎል ላይ አለ። ከእሱ ፊት ደግሞ ሌላ ሰፈር አለ፤ ቅድመ እንቅስቃሴ እንበለው። ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት የሚያዘጋጅ ነው። በበጉ እዚህ ፊት ለፊት፣ መሐል መስመሩ ጋ፣ ጥቂት ቦታ ናት፤ የት እንደምታልቅ እንኳ መለየት ይቸግራል። ድመትና ውሻ ላይ ትንሽ ትለያለች። ጦጣ ላይ ሰፍታ የላይና የታች ትከፈላለች። ሰው ላይ ግን ከኋላዋ ካለው ከአዛዡ ሰፈር በብዙ ትበልጣለች።»

«ቆይ» አለ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ወጣ ብሎ። «የባላባቱና የጭሰኛው እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

«ይጻፍልኝ!» አለ፣ እስከ ዛሬ አንጎል ራሱ አድሃሪ መስሎት እንደነበረ ሰው ደስ ብሎት።

«የሰው ቅድመ እንቅስቃሴ» አለች ሰናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውስጠኛና ውጪኛ አለው። ውስጠኛው፣ ሁለቱ የአንጎል ገጾች የሚተያዩበት ጋ ያለው፣ ሰው ከራሱ ፈቃድ ሲነሳ ይሠራል። ውጪኛው በጎን በኩል ነው፤ ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን ይዞ ይነሳል። የጋሽ ይማም በሽታ ከሥር ነው። ከሥር ሆኖ ውስጠኛውን ሰፈር የሚቀልበው ደክሟል። ውስጠኛው ሰፈር እህል አልደረሰውም፤ ተርቧል። ውጪኛው ግን ደረጃ ሲያይ፣ ከበሮ ሲሰማ ይጠግባል።»

መካነ ሰላም ውስጥ መራብ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ስጠይቅ፣ ሰናይት ግማሹን ከመጽሐፍ፣ ግማሹን ከራሷ ነበር ያመጣችው ይሉኛል፤ መጽሐፉም ያን ጊዜ ገና እያሰበበት ነበር። እኔ ግን ቆሜ ሳያት፣ ያን አንጎል ራሷ ሠርታ ለበጉ ያዋሰችው ነበር የሚመስለኝ።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ደሴ ያሉትን አለቆቹን ይፈራል። «የሚያስመስልም ሰው በከበሮ መሄድ ይችላል» አለ። ብዙ አሰበና ወደ ጋሽ ይማም ዞረ። «በሩ ክፍት ነው። ነፃ ነህ፤ ቤትህ ሂድ። ማንም አይከተልህም።»

ጋሽ ይማም ተነሱ። በዚያች ቅጽበት የመግሪብ አዛን ተሰማ። ቤታቸው ከአዳራሹ ማዶ ነው፤ ሚስታቸው ደጃፉ ላይ ውሃ የሞላ ጣሳ ይዘው ሲጠብቁ በክፍቱ በር ይታያሉ። አፋቸው የደረቀ፣ ነፃ ናቸው የተባሉ፣ ውሃቸው የሚታያቸው ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ትከሻቸው ወደ ፊት አዘነበለ። እግራቸው ግን ከወለሉ አልተላቀቀም። እንባቸው ሲወርድ አየነው።

«ያ ረቢ» አሉ በቀስታ፣ «እግሬን አደራ ብዬህ አልነበር።»

አስመሳይ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ እንደ ሚዳቋ ነበር የሚዘለው። ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ ሰናይት መለሰ። «ምን ይሻላል?» አላት፣ እንደ ተማሪ።

«የሚሻገሩት ነገር ፊታቸው ይጋደም።»

«ሙሄ፣ ጠመንጃህን አጋድምላቸው።»

ልብ በሉ፣ «ላቸው» አለ። ሙሄ ያን ረጅም ጠመንጃ ጋሽ ይማም እግር ሥር አጋደመ። ቁልቁል አዩትና እግራቸውን አንስተው ተሻገሩት። ሙሄ አንስቶ እንደገና ፊታቸው አጋደመ፤ ተሻገሩት። በየእርምጃው ሙሄ እያጎነበሰ፣ ጋሽ ይማም እየተሻገሩ፣ ጭቃውን አቋርጠው ቤታቸው ደረሱ። ከሩቅ ለሚያይ፣ ባለጠመንጃው ጥበቃ ትርፍ ቤት ለተወረሰበት ነጋዴ የሚሰግድ ነበር የሚመስለው። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወጥቶ እየሳቀ እያለቀሰ ሸኛቸው። ደፉን ሲሻገሩ ጣሳውን ተቀብለው ጠጡ፤ ቀሪውን ለሙሄ ሰጡት።

አንጎሉን ያን ማታ እናቴ ጠብሳልኝ በበርበሬ በላሁት። ቅድመ እንቅስቃሴ የቀመሰ ሰው ስለሆንኩ ይኸው እስከ ዛሬ ምላሴ ከሐሳቤ ይቀድማል።

ሰናይት ከመሄዷ በፊት የጋሽ ይማምን ከዘራ ገልብጣ አስያዘቻቸው። የከዘራው ቆልማማ እጀታ መሬት ላይ፣ እግራቸው ፊት ይሆናል፤ እሱን እየተሻገሩ ይራመዳሉ። የከተማው ልጆች ፋሽን መስሏቸው ከዘራ ገልብጠው ሲሄዱ ከረሙ። ዘመቻው አልቆ ሰናይት በጭነት መኪና ስትሄድ ጋሽ ይማም በተገለበጠ ከዘራቸው እስከ ከተማው መውጫ ሸኟት። ከዚያ በኋላ ወሬዋን አልሰማሁም። ቀጥሎ በመጣው ዘመን ስለ አዲስ አበባ ተማሪዎች መጠየቅም መልሱን መስማትም ያስፈራ ነበር።

ደሴ ኮሪደር ላይ ያን ሥዕል እንደገና አየሁት። የሰው አንጎል ላይ ከአዛዡ ሰፈር ፊት ያለው ቦታ አረንጓዴ ተቀብቷል። ውጪኛውን አገኘሁት። ውስጠኛውን ሠዓሊው አላሳየውም፤ ከውጭ አይታይም። የሰው ልጅ ስንት ነገር ከራሱ የሚነሳ እየመሰለው ይኖራል፤ እኔ ግን ያ ሰፈር ሲራብ አንዱ ለሌላው ፊቱ አንድ ነገር ያጋድምለት ዘንድ የተሠራን ይመስለኛል።

ተነሳሁ። ጃንጥላዬን ገልብጬ እጀታውን ሽማግሌው እግር ፊት መሬት አስነካሁት። ቁልቁል አዩት። እግራቸውን አነሱ፣ ተሻገሩት፣ ገቡ።

«አላህ ይስጥህ» አሉኝ ዞር ብለው።

ነርሷ አፏን ከፍታ አየችኝ። «ጋሼ፣ ሐኪም ነዎት እንዴ?»

«የለም የኔ እህት» አልኳት፣ «ከበሮ መቺ ነኝ።»